ቧንቧው ሥር ያለችው አልጋ ልብስ

እትዬ በዕድሜያቸው ሁለት ነገር ሆኖላቸው አያውቅም፤ ባዶ መሬት አይተው ማለፍና አፋቸውን ይዘው መቀመጥ። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ስለሚላቸው እኛም እትዬ እንበላቸው። የመጀመሪያው ጠባያቸው አንድ ልጅ አሳድጎላቸዋል፣ ጡረታም አስከብሮላቸዋል። ሁለተኛው ያመጣባቸውን ነው አሁን የምንነግራችሁ፤ እሳቸውን ብትጠይቋቸው ባይነገር ይመርጣሉ።

ባላቸው ሲሞት ልጃቸው ገና በጀርባ የሚታዘል ነበር። ሆስፒታል የተቀጠሩት ወለል ሊወለውሉ ነው። ኮሪደሩን ጨርሰው የተረፈውን ንጹሕ ውሃ እንደ ሌሎቹ ቱቦ ውስጥ አይደፉትም፤ ባልዲውን ተሸክመው ይወጡና ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀርባ ብቻዋን የበቀለች አንዲት ምስኪን ችግኝ ያጠጡበታል። ችግኟ አደገች፣ ጥላም ሆነች። የግቢው ኃላፊ ይህን አይቶ "አንቺን ወለል ላይ ማዋልማ ግፍ ነው" አለና መወልወያውን ተቀብሎ መቆፈሪያ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጥፍራቸው ከአፈር ጸድቶ አያውቅም። ልጃቸውን ያስተማሩት በዚያው አፈር ነው።

የግቢውን መሬት ግን መሬት ለማለት ይከብዳል። አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ ተቋራጩ የተረፈውን ሁሉ እዚያው ጥሎት ሄዷል፤ የጡብ ስባሪ፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር። በመካከሉ እዚህም እዚያም ያልተነካ ጥቁር አፈር ቀርቷል። አንዱ ጋ ቆፍረህ ብትተክል ይለመልማል፤ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለህ ያንኑ ብትተክል በሳምንቱ ይደርቃል። እትዬ የሚያበቅሉት ሣር በየዓመቱ ብል የበላው ብርድ ልብስ መስሎ ይቀር ነበር። ስንት ጊዜ ተበሳጩ፤ ኃላፊውንም ስንት ጊዜ አበሳጩት።

አንዲት ነርስ ወደ ሌላ ቦታ ስትዛወር መስኮቷ ላይ ተንጠልጥላ የነበረች ተክል ትታላቸው ሄደች። ቅጠሏ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፤ አበባዋ ትንሽዬ ሐምራዊ። እትዬ አንዲት ዘለላ ቆርጠው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ውሃው የሚወርድበት ጥቁር አፈር ላይ ወሸቅ አደረጓት። ያዘች። ጥቂት ቆይታም እንደ ክር የቀጠነ ግንድ ወደ ጠጠሩ ላከች። ጠጠሩ ላይ አላረፈችም፤ ቅጠል ለማውጣት እንኳ ጊዜ ሳታጠፋ ዝም ብላ ተሳበች። ከጠጠሩ ማዶ ጥቁር አፈር ስታገኝ ግን እዚያ ቁጭ አለች፣ ሥር ሰደደች፣ ወለደች፣ ተዋለደች። ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላው። ውሎ አድሮ ጠጠሩም፣ ሲሚንቶውም፣ አሸዋውም አረንጓዴ ለበሰ።

ጉድ ተባለ። ዳይሬክተሩ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ እትዬን አስነስቶ አስጨበጨበላቸው። "እጀ ለምለም" የተባሉት ያን ጊዜ ነው። እሳቸው ደግሞ ተክሏን "አልጋ ልብስ" አሏት፤ የተገላለጠውን ሁሉ ትሸፍናለችና። ለጠየቃቸው ሁሉ ቆርጠው ይሰጣሉ፤ ላልጠየቃቸውም። እዚያ ግቢ ውስጥ አልጋ ልብስ ክፉ ጠባይዋን የምታሳይበት ዕድል አልነበራትም። በአንድ በኩል አስፋልት፣ በሌላው በኩል የግንብ አጥር፣ ከላይ ደግሞ የሣር ማጨጃው በየሳምንቱ ይላጫታል። እትዬ ግን ጨዋነቷን ከእሳቸው እጅ ያገኘች መሰላቸው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ፤ የእሳቸውም ነገር ከዚያ ጭብጨባ ነው የሚጀምረው።

ልጃቸው አድጎ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ፣ ሚስትም አገባ። ምራታቸው አፏ ቁጥብ፣ እጇ ግን ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። የገቡበት ቤት ከጀርባው ሰፊ ጓሮ አለው። ጥንት የከብት በረት ነበር፤ በኋላ አንድ ብሎኬት አምራች ተከራይቶት ሲሚንቶውንም አሸዋውንም እንደ ደፋው ለቆ ወጣ። ሰው ሁሉ እዚህ ደግሞ ምን ሊበቅል ነው እያለ ሲስቅ ምራቲቱ ተንበርክካ በእጇ እየዳበሰች ደጉን አፈር ከክፉው ለየች። እዚህ አንድ መደብ፣ እዚያ አንድ መደብ እያለች የጎመን፣ የቲማቲም፣ የቃሪያና የሽንኩርት ችግኝ አፍልታ መሸጥ ጀመረች። የእሷ ችግኝ ሲነቀል ሥሩ አይበጠስም፣ ሲተከል አይጠወልግም ተባለና ገዢው ከሩቅ ይመጣላት ጀመር። በመደቦቹ መካከል ያለውን የደረቀ ሲሚንቶና አሸዋ እንኳ ትወደው ነበር፤ አረም ከአንዱ ወደ አንዱ እንዳይሻገር አጥር ሆነልኝ ትላለች። ባሏ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ጓሮዋ ሥራዋም ጓደኛዋም ነበር።

እትዬ አዲሶቹን ባልና ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቁ ሲመጡ አልጋ ልብስን በዱቄት ወተት ጣሳ ይዘው መጡ። ቦታውን የመረጡትም ራሳቸው ናቸው፤ ከጓሮው በር አጠገብ፣ ቧንቧው ሥር፣ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት የማያቋርጥበት ጥቁር አፈር። በገዛ እጃቸው ተከሏትና "አደራ ልጄ፣ ይቺ የኔ እጅ ናት" አሏት። እትዬ አደራ የምትለዋን ቃል እንደ ዘበት ነው የተናገሯት። ምራታቸው ግን አደራን እንደ ዘበት ከሚሰሙ ሰዎች ቤት አልወጣችም።

በሌላው ነገር እትዬ ያው አማት ናቸው። ሻዩ ቀጠነ፣ መጋረጃው አጠረ፣ ልጄ ከስቷል፣ ይህ ወንበር ለምን እዚህ ተቀመጠ። ውሃ ቀጠነ ለማለት ውሃውን ማየት አያስፈልጋቸውም ነበር። ምራቲቱ እሺ እትዬ፣ አዎ እትዬ እያለች ታሳልፋቸዋለች። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ አንድ ልጅ ብቻቸውን ያሳደጉ እናት ልጁን ለሰው ሲሰጡ አፋቸው ቶሎ አይለምድም።

ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ አሸዋው ላይ ቀላ ያለ ቀጭን ክር ታየ። ቀጥሎ ሽንኩርቱ መደብ ውስጥ ብቅ አለ። ምራቲቱ ነቀለችው፤ ተመልሶ መጣ። ከሽንኩርቱ ስትነቅለው ቲማቲሙ ውስጥ ተገኘ፤ ቲማቲሙን ስታጸዳ ቃሪያው ተወረረ። አጥር ይሆነኛል ያለችውን ሲሚንቶ በስንጥቁ ውስጥ ለውስጥ አልፎ ከማዶ ጠበቃት። ገዢዎቿ ከችግኙ ጋር አብሮት የመጣውን አረም ይዘው እየተመለሱ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ይሏት ጀመር። ቀስ በቀስ መምጣቱንም ተዉት።

እትዬ ያን ቀይ ክር አይተው አላወቁትም ቢባል ግማሹ እውነት ነው። ቧንቧው ሥር ያለችው ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ባለ አበባ ናት፤ አሸዋው ላይ ያለችው ደግሞ ከሲታ፣ ቅጠሏ ከምስር የማይበልጥ። ዘመዳሞች ናቸው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ግማሹ ግን ውሸት ነው። አንድ ቀን ከሽንኩርቱ መደብ አንዷን ቀጥፈው በጣቶቻቸው መካከል አሹዋት። ሽታዋ ዓመታት ሙሉ የሚያውቁት ሽታ ነው። ወዲያው ጣሏትና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራረጉ። አረም ሁሉ አንድ ዓይነት ይሸታል ብለው ለራሳቸው ነገሩት፤ ራሳቸውም እሺ ብሎ ተቀበላቸው።

ሰው ጥፋት ወደ እሱ ሲጠጋ ባየ ጊዜ ዞር የሚያደርግበት ሌላ ሰው ይፈልጋል። እትዬ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ፣ ምራቴ እኮ ደግ ልጅ ናት፣ ግን ስንፍናዋ አሉ። ጸጉር ቤት፣ ያንን የመሰለ ጓሮ አረም አስወረረችው፣ እኔ በእሷ ዕድሜ የሆስፒታሉን ሙሉ ግቢ ብቻዬን አልነበር የያዝኩት አሉ። ሱቅ ደጃፍ ላይም እንዲሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰሚው "ኧረ እትዬ!" ይልና ራሱን ይነቀንቃል፤ እሳቸውም የተስማማላቸው ይመስላቸዋል።

ይህም አልበቃ ብሏቸው ልጅየው መንገድ በሄደበት ሰሞን ሁለት የቀን ሠራተኞች ከነዶማቸው ይዘው ከች አሉ። ምራቲቱ እትዬ፣ ዶማ ባይነካው ይሻል ነበር ብላ ነበር፤ ቀስ ብላ፣ አንድ ጊዜ። እትዬ ይህቺን ምክር ከስንፍና ቆጠሯት። ሠራተኞቹ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ከታተፉት። የተከተፈውን ደግሞ እትዬ ፍግ ይሆናል ብለው ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን መደቦቹ ላይ አስበተኑት። ዝናብ አንዴ ሲመታው እያንዳንዱ ቁራጭ ብድግ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ነው፤ ምንም ያልተነካው የጎመኑ መደብ እንኳ ሳይቀር ቀላ። የቀረችው ቧንቧው ሥር ያለችው ብቻ ነበረች፤ እሷን ሠራተኞቹ እንዳይነኩ እትዬ ራሳቸው ቆመው ጠብቀዋታል።

ልጅየው ከመንገድ ሲመለስ ጓሮውን አይቶ ብዙ አልተናገረም። ያ የድሮው ብሎኬት አምራች ቦታውን መልሱልኝ እያለ ሲወተውተው ቆይቷል። እናቱ ስጠውና ተገላገል አሉት። ሚስቱ አንገቷን ደፋች። እሱም ቃሉን ሰጠ፤ በሚመጣው ሳምንት የብሎኬት መምቻ ማሽኑ ሊገባ፣ መደቦቹም ሊደለደሉ ተስማሙ። ምራቲቱ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመደልደሉ በፊት የግብርና ባለሙያ አንዴ አይቶ ይፍረድ።

ባለሙያው የመጣ ዕለት ሁሉም ጓሮው ውስጥ ነበሩ። ልጅየው ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። ብሎኬት አምራቹ ማሽኑን የት እንደሚያቆም በሜትር ይለካል። እትዬ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀምጠዋል። ባለሙያው ቀጭን፣ ቦት ጫማው ጭቃ የጠገበ ሰው ነው። ዶማ አምጡልኝ አላለም። ሽንኩርቱ መደብ ላይ ተንበረከከና አንዷን ክር በጣቱ እየተከተለ፣ አፈሩን እየገለጠ ሄደ። ክሩ ከመደቡ ወጣ፣ አሸዋውን አቋረጠ፣ የሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ገባ፣ ከወዲህ ወጣ። ባለሙያው ከኋላው ተከትሎ በእንብርክኩ መጣ፣ መጣ፣ መጣና ቧንቧው ሥር ደረሰ። እዚያ ቆመ።

"አሸዋው ላይ ያለችው ከአሸዋው አይደለም የምትበላው" አለ ጉልበቱን እያራገፈ። "ከዚህ ነው የሚላክላት። ይሄ ሁሉ አንድ ተክል ነው። ጥሩ አፈር ላይ ያለችው ለተራበችው ትልካለች፤ የተራበችው ሳታርፍ ትሄድና ጥሩ አፈር ስታገኝ እሷም በተራዋ ላኪ ትሆናለች። መሬቱ ሁሉ ክፉ ቢሆን ትከሳ ነበር፤ ሁሉ ደግ ቢሆን ሌላው ተክል ይጋፋት ነበር። እንዲህ ደግና ክፉው የተቀላቀለበት ላይ ግን ማን ይችላታል?"

ዶማ ያስገባው ማን እንደሆነም ጠየቀ፤ ይህን አረም በዶማ መክተፍ ችግኝ እንደ ማፍላት ነው፣ አንጓው ሁሉ ራሱን ይተክላል አለ። ማጥፋት እንደሚቻል ግን ነገራቸው። መጀመሪያ ይቺ ቧንቧው ሥር ያለችው ከነሥሯ ትወጣለች። ቀጥሎ መደቦቹ ውስጥ የወፈሩት በእጅ እየተለቀሙ ይወጣሉ፣ ላስቲክ ላይ ተሰጥተው ይደርቃሉ። አሸዋው ላይ የቀሩት ላኪ ሲያጡ አቅም የላቸውም፤ አንድ በጋ በጥቁር ላስቲክ አፍኖ ማቆየት ነው። ይህን ሁሉ ካስረዳ በኋላ የቧንቧውን ተክል በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ ጠየቀ።

"ይቺን ማን ተከላት?"

ያ ሰፈር የማይበቃው የእትዬ አፍ ተለጎመ። ልጅየው መሬት መሬቱን ያያል። እትዬ ልናገር ብለው ምላሳቸውን ሲያነሡ ወፍጮ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ሱቁ ደጃፍ አንድ ላይ ፊታቸው ድቅን አለ።

"እኔ ነኝ" አለች ምራታቸው። "ከገበያ ገዝቼ ነው የተከልኳት።"

ብሎኬት አምራቹ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሳቅ ብሎ "እንግዲያ እትዬ የሚሉት ልክ ነዋ! ጥፋቱ የራሷ ነው" አለና ወደ እትዬ ዞረ። መልስ እየጠበቀ ነው። እትዬ ቢያንስ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ። አዎ ማለታቸው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ዳዋዋም በገዛ ፈቃዷ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችላቸው።

ልጅየው ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ማሽኑ ይግባ አለ። ምራቲቱ ይሁን አለች፤ ለባለሙያውም እጁን የሚታጠብበት ውሃ ከቧንቧው ቀዳችለት።

እትዬ ወደ ቤታቸው የገቡት እንዴት እንደሆነ አያስታውሱም። ሻይ ጣዱ፤ ፈልቶ ተንተክትኮ ምድጃው ላይ አለቀ። ያፈሩት በአልጋ ልብስ አይደለም፤ ሰው ሳያውቅ ተክሎ ይሳሳታል። ያሳፈራቸው ያ ራስ መነቅነቅ ነው። ማንም አላስገደዳቸውም፤ አንገታቸው ነው በገዛ ፈቃዱ የታዘዘው። ደግሞም ልጅቷ ስትዋሽላቸው ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻላቸው ነበር። ቁጣ አልነበረም፤ እንግዳ ፊት የፈሰሰ ነገር ቶሎ ብሎ እንደሚጠርግ ሰው ነበረች። እትዬ መስተዋቱ ፊት ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለውን ነገር ስንት ጊዜ በአፋቸው ብለውታል፤ ከልባቸው ሲሉት ግን የዚያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

በማግስቱ ማለዳ ልጃቸው መኪናውን ግሪስ ወደሚያስቀባበት ጋራዥ ሄዱ። ልጅየው ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እናቱን ሲያይ ሰው የሞተ መሰለው። እትዬ ሳይቀመጡ ተናገሩት። ያቺን ተክል ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ሚስትህ አልገዛችም፣ እኔን ልታድን ነው አሉት።

"አውቃለሁ እማዬ" አላቸው።

እትዬ ከየት አውቀህ አሉት። ከመጀመሪያው ክር ጀምሮ እንደሚያውቅ ነገራቸው። ያን ጊዜ ሊነቅላት ነበር፤ ሚስቱ ናት የእትዬ አደራ ናት፣ አይሆንም ብላ እጁን የያዘችው። ዙሪያዋን እየቆረጠች፣ በየሳምንቱ እየገታች ልትኖር ሞከረች። ዶማው ከገባ በኋላ ግን አልቻለችም። እሱም ጓሮውን ለማዳን ያቺ ተክል መነቀል እንዳለባት ያውቃል፤ ብትነቀል እናቱ ለምን ብለው ይጠይቃሉ፣ መልሱን ሊነግራቸው አፉ እንቢ አለው።

"አንቺን ከማሳፍር መሬቱ ይሂድ አልኩ" አላቸው።

እትዬ የመኪናውን ጎማ ተደገፉ። ቀስ ብለው ሌላ ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቁ። ልጅየው መመለስ አልፈለገም። እንደገና ሲጠይቁት ብዙ ሰው ያውቃል አላቸው። ወፍጮ ቤት ያሉት ያውቃሉ፤ ከእሳቸው እጅ አልጋ ልብስን ተቀብለው አጥራቸው ሥር ሲተክሉ ያገኛቸውን ስላዩ ቀድመው ነቅለው ጥለዋታል። የጸጉር ቤቷ ባለቤትም ታውቃለች፤ እሷም ነቅላለች። እትዬ ደጃቸው ላይ ሲያልፉ ተክሏ የት ሄደች ቢሏቸው፣ ደርቃ ነው፣ ፍየል በልቷት ነው ይሏቸው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ምራታቸውን በስንፍና ሲያሙ እውነቱን በሆዱ ይዞ "ኧረ እትዬ!" እያለ ይሰማቸው ነበር። ራሱን የሚነቀንቀው ተስማምቶላቸው ሳይሆን አዝኖላቸው ኖሯል።

ከጋራዡ ወጥተው ቀጥታ ብሎኬት አምራቹ ዘንድ ሄዱ። ሠራተኞቹ ሲሚንቶ ያቦካሉ፤ ማሽኑ ይንጫጫል። እትዬ ማሽኑን አስቁሙልኝ አሉ። ያን ሰዓት ለመናገር ጉልበት ከየት እንዳገኙ እሳቸውም አያውቁም፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ ዓይናቸው እግራቸው ላይ ተተክሎ ነው የተናገሩት። ትናንት አንተ ስትጠይቀኝ አዎ ያልኩት ውሸቴን ነው አሉ። ተክሏን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በዶማ ያስከተፍኩትም እኔ ነኝ፣ ምራቴ ሰነፍ አይደለችም፣ ልጄ ቃሉን የሰጠህ የኔን ገመና ሊሸፍን ነው አሉ። አካፋውን ተደግፎ የሚያዳምጠው ሠራተኛ ሁሉ ማየት የሚገባው ቦታ ጠፋበት።

ብሎኬት አምራቹ ራሱን አከከ። ቢቆጣቸው ደስ ባላቸው። እሱ ግን ወንበር አምጡላቸው አለ፤ እሳቸው አልተቀመጡም። "ተዉት እትዬ" አላቸው በመጨረሻ፣ "ለልጅዎ ቃሉን መልሼለታለሁ ይበሉት። ደሞስ ያ አረም አሸዋዬ ውስጥ ከገባ፣ ብሎኬቱ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ቢያብብብኝ ለገዢዬ ምን እለዋለሁ?" ሠራተኞቹ ሳቁ። እትዬም ለመሳቅ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው አልታዘዘላቸውም።

ጓሮው በር ሲደርሱ ምራታቸው መደቦቹ መካከል ተንበርክካ የተረፉ የጎመን ችግኞች ወደ ዕቃ እያዛወረች ነበር። እትዬ ምንም ሳይሉ የእጅ መቆፈሪያዋን አንሥተው ቧንቧው ሥር በጉልበታቸው ተቀመጡ። መቆፈር ጀመሩ። አልጋ ልብስ ስትወጣ በጭብጥ በጭብጥ እየሆነች ወጣች፤ ሥሯ ወፍሮ፣ ነጥቶ፣ እንደ ጣት ተቆላልፎ። ምራቲቱ ሮጣ መጣች። "ምን እያደረጉ ነው እትዬ? ይተዉት!" ብላ እጃቸውን ያዘች።

እትዬ ብሎኬት አምራቹ ዘንድ እንደ ሄዱ፣ ምን እንዳሉ፣ ማሽኑም እንደማይገባ ነገሯት። ልጅቷ እጃቸውን ለቀቀች። እትዬ ጎንበስ እንዳሉ አንድ ነገር ጠየቋት። ይህን ሁሉ ስታውቂ፣ ጓሮሽ ዓይንሽ እያየ ሲጠፋ፣ ለምን በመጀመሪያው ዓመት አልነቀልሻትም? አደራ ስላልኩሽ ነው? እኔ ዕድሜ የተጫነኝ ሴት ነኝ፣ ሞተች ብትዪኝ አምን ነበር።

ምራቲቱ እጇ ላይ የደረቀውን አፈር በአውራ ጣቷ እየፋቀች፣ ቀና ሳትል፣ ማንንም ለመውቀስ ባልሆነ ድምፅ መለሰች።

"አደራው ብቻ አይደለም እትዬ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ጎበዝ፣ እሰይ የኔ ልጅ ያሉኝ በእሷ ብቻ ነው። እሷን አይተው ሲመለሱ የዚያን ቀን አይቆጡኝም ነበር። ብነቅላት ምን ይዤ እቀበልዎታለሁ ብዬ ነው።"

እትዬ ያን ሁሉ ዓመት ችግኟን አንድም ቀን ጎንበስ ብለው አላዩላትም ነበር፤ አሁን ጎበዝ ቢሏት ደግሞ የዕዳ ክፍያ ይመስላል። ስለዚህ ቆፈሩ። ምራታቸው ፌስታል አምጥታ አጠገባቸው ተንበረከከችና አፉን ከፍታ ያዘችላቸው። እትዬ አንጓ እንዳይቀር አፈሩን በጣታቸው እያበጠሩ አንድ በአንድ ያወጡና ወደ ፌስታሉ ይጨምራሉ። ሥራው ብዙ ጊዜ ወሰደ። ያን ሁሉ ጊዜ ትከሻቸው ከትከሻዋ ጋር ተነካክቶ ሲሠሩ እትዬ አንዴም ቀና ብለው ፊቷን ለማየት አልደፈሩም።